ሐምሌ ላይ ባሕሩ ለምን ይዘጋል?

ሐምሌ ላይ በሶማሊያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ቢያልፉ፣ ከራስ ሐፉን እስከ ኤይል ባሉት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ጀልባዎቹን ከውሃው ርቀው አሸዋ ላይ ተጎትተው ያገኟቸዋል። ሞተሮቹ ተፈትተው ቤት ገብተዋል፣ መረቡ እየተጠገነ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ይህን ጊዜ የአገሬው ሰዎች «የተዘጋ ባሕር» ይሉታል። በትንሽ ጀልባ ደፍሮ የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ወር ያንኑ ባሕር ከሳተላይት ሲያዩት ግን አረንጓዴ ሆኗል። ሚያዝያ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ የነበረው ውሃ አሁን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት ተሞልቷል። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያን ጊዜ ምግብ የሚትረፈረፍበት ወር የለም። ዓሣው የሚበላው ሞልቶ በተረፈበት ሰሞን ዓሣ አጥማጁ ቤቱ ይቀመጣል። ባሕሩን የዘጋውም፣ ባሕሩን ያበላውም አንድ ነፋስ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕሩ ሳይሆን ከየብሱ ነው። ምድር ቶሎ ትሞቃለች፣ ቶሎ ትቀዘቅዛለች፤ ባሕር በሁለቱም ዝግተኛ ነው። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ የአረቢያ በረሃ፣ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ክፉኛ ይግላሉ። የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከሥሩ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ደግሞ ሌላ አየር መምጣት አለበት። የሚመጣውም ከሩቅ፣ በዚያን ሰዓት ብርድ ከሆነበት ከደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ሞንሱን የሚባለው ይኸው በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይር ነፋስ ነው።

አየሩ የምድር ወገብን የሚሻገረው በኬንያ ዳርቻ በኩል ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ተራሮች ጣልቃ ይገባሉ። የነፋሱ ኃይለኛ ክፍል የሚጓዘው ከባሕር ወለል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም የባሌና የሐረርጌ ተራሮች፣ ከዚያ ይበልጣሉ። ነፋሱ ወደ ምዕራብ እንዳይበተን ታግዶ፣ በግድግዳው ሥር ተጨናንቆ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል። ከዚያ የአፍሪካን ቀንድ አልፎ፣ በሶኮትራ በኩል ወደ ኦማንና ወደ ሕንድ ያመራል። ይህን የአየር ጅረት እ.ኤ.አ. በ1969 በሚገባ የገለጸው ፊንድሌተር የተባለ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ተራሮቻችን ክረምቱን ለዐባይ ብቻ የሚሠሩ ይመስለን ይሆናል፤ ከባሕሩ ጋርም ጉዳይ አላቸው።

ከባሕሩ ገጽ ላይ ሆኖ ሲለካ፣ በሐምሌ ወር የዚህ ነፋስ አማካይ ፍጥነት በሶኮትራ አካባቢ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አማካይ ነው ያልኩት፤ አንድ ቀን ነፍሶ የሚያርፍ ማዕበል አይደለም፣ ለሳምንታት ሌት ተቀን ይነፍሳል። ማዕበሉ ከሦስት ሜትር በላይ ይነሣል። የአካባቢው ጀልባ ደግሞ ከኋላው አንድ ሞተር የተገጠመለት፣ ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚረዝም የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። ሶኮትራ ደሴት በድሮ ጊዜ በእነዚህ ወራት ከዓለም ተቆርጣ ትከርም ነበር። የባሕር ላይ ውንብድናው በተባባሰበት ዘመን እንኳ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ጥቃቱ የሚቀንስበት ወቅት ነበር፤ የጦር መርከቦች ያላስቆሙትን ወንበዴ ነፋሱ ቤቱ ያስቀምጠው ነበር።

እስካሁን ያየነው ባሕሩ ለምን እንደሚዘጋ ነው። የሚበላው ነገር ከየት ይመጣል?

ትኩስ ወተት በሰፊ ሳህን ያድርጉና ስልባቦት እስኪይዝ ይጠብቁ። ከዚያ ከአንድ ጠርዝ በኩል እፍ ይበሉበት። ስልባቦቱ ወደ ማዶ ጠርዝ ይሸሻል፤ በአፍዎ በኩል ባለው ጠርዝ ግን ከሥር ያለው ትኩስ ወተት ብቅ ይላል። የላይኛው ሲገፋ ቦታውን የሚይዘው የታችኛው ነው፤ ከጎን ሳህኑ ስላለ ሌላ መምጫ የለውም። በባሕር ዳርቻም የሚሆነው ይህ ነው፤ ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው፣ ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ባሕሩ ከወተቱ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለና። የሶማሊያው ነፋስ የሚነፍሰው ከየብሱ ወደ ባሕሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዳርቻውን ተከትሎ ነው። ታዲያ ውሃውን እንዴት ከዳርቻው ያርቀዋል? ፍንጩ የተገኘው ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ ነው። ኖርዌያዊው ናንሰን ፍራም የተባለች መርከቡን ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ እንድትያዝ አደረገ፤ መርከቧም እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ቆየች። ናንሰን እንዳስተዋለው በረዶው ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ያጋድላል። ምክንያቱን በሂሳብ የሠራው ስዊድናዊው ኤክማን ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1905 ታትሞ ወጣ።

የኤክማን ሂሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ወደ ቀኙ ያዘነብላል። ነፋሱ የሚጎትተው የላይኛው ውሃ ቀኝ ይላል፤ እሱ የሚጎትተው ከሥሩ ያለው ደግሞ የበለጠ ቀኝ ይላል፤ እንዲህ እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ጥቂት አሥር ሜትሮች የሚወፍረው ይህ ንብርብር በድምሩ ሲታይ የሚሄደው ከነፋሱ አቅጣጫ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው። በእጅዎ ይሞክሩት። ነፋሱ ከጀርባዎ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነፍስ፤ ሶማሊያ በግራዎ፣ ባሕሩ በቀኝዎ ይሁን። ውሃው ወደ ቀኝ ሄደ ማለት ከዳርቻው ራቀ ማለት ነው። ነፋሱ ውሃውን ወደ ባሕሩ መግፋት አላስፈለገውም፤ ዳርቻውን ተከትሎ ማለፉ በቂ ነው።

ውጤቱ በቴርሞሜትር ይታያል። ራስ ሐፉን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን አሥር ዲግሪ ላይ ያለ፣ ፀሐይ የማትምርበት አገር ነው። ግንቦት ላይ የባሕሩ ገጽ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ሐምሌ ላይ ግን በዚያው ቦታ ከ20 በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በበጋው የዋኘ ሰው በክረምቱ ቢገባ ሌላ አገር ያለ ይመስለዋል።

ዓሣው የሚጠቀመው ከቅዝቃዜው ሳይሆን ቅዝቃዜው ይዞት ከሚመጣው ነገር ነው። በባሕር ውስጥ የሚሞት ሁሉ፣ ኩሱም ቅርፊቱም፣ ወደ ታች ይሰጥማል። ጨለማው ውስጥ ባክቴሪያ ያፈራርሰውና ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ እዚያው ይከማቻል። ገበሬው በዩሪያና በዳፕ ከረጢት ገዝቶ የሚበትነው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ማለት ነው። ችግሩ ማዳበሪያው ታች፣ ብርሃኑ ላይ መሆኑ ነው። በሞቃት አገር ባሕር የላይኛው ሞቃት ውሃ ቀላል ስለሆነ ከሥሩ ካለው ከባድ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር አይደባለቅም፣ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ላዩ ያለው ንጥረ ነገር ተበልቶ ሲያልቅ የሚተካው አይኖርም። ያ ለፎቶ የሚያምረው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ጥርት ያለው ምንም ስለማይበቅልበት ነው።

ነፋሱ የታችኛውን ውሃ ወደ ብርሃን ሲያወጣው ሁለቱ ይገናኛሉ። በመጀመሪያ የሚነሡት ዲያቶም የሚባሉ፣ ሰውነታቸው በመስታወት መሰል ሲሊካ የተሸፈነ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው ዕፀዋት ናቸው። ሲመቻቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቁጥራቸውን እጥፍ ያደርጋሉ። እነሱን ኮፔፖድ የሚባሉ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ እንስሳት ይበሏቸዋል። በዚህ ባሕር ያለ አንድ የኮፔፖድ ዝርያ በጣም ይገርመኛል። ነፋስ በሌለበት ወራት በሰውነቱ ቅባት አጠራቅሞ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ ዕድገቱን አቁሞ ይተኛል። ውሃው መውጣት ሲጀምር አብሮ ወደ ላይ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይራባል፣ ልጆቹ ደግሞ ነፋሱ ሲያበቃ ተመልሰው ይወርዳሉ። የሰውነቱ ርዝመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ወቅቱን ግን አይስትም።

ኮፔፖዱን ሳርዲንና አንቾቪ ይበሉታል፤ እነሱን ቱናና ኪንግ ፊሽ፣ ቱናውን ሻርክ። በእያንዳንዱ ደረጃ ጊዜ ያልፋል። ዕፀዋቱ በቀናት ይደርሳሉ፣ ኮፔፖዱ በሳምንታት፣ ትንንሾቹ ዓሦች በወራት። ስለዚህ በሐምሌ የተነሣው ምግብ ወደ መረብ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ነሐሴ አልቆ ነፋሱ ሲላላ፣ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ጀልባዎቹ ወደ ውሃ ሲመለሱ፣ የሚጠብቃቸው በክረምቱ የደለበው ነው። የደጋው ገበሬ እህሉን በሚያጭድበት በጥቅምትና በኅዳር የባሕሩም ሰው ሥራ ይበዛበታል። ሁለቱም ከአንድ ወቅት የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚቀዘቅዘው የእስያ ምድር ስለሆነ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመጣል። የኤክማንን ሕግ እንደገና ይሥሩት። ነፋሱ ከጀርባዎ ሲሆን አሁን ሶማሊያ በቀኝዎ ነው፤ ውሃው ወደ ዳርቻው ይከመራል፣ የታችኛውም አይወጣም። የባሕሩ ጅረት ራሱ አቅጣጫውን ይቀይራል። በክረምት ወደ ሰሜን በሰከንድ እስከ ሦስት ሜትር ተኩል የሚደርስ ፍጥነት የሚገሰግሰው የሶማሊያ ጅረት በበጋው ወደ ደቡብ ይፈሳል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጉልበት ኖሮት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገለበጥ የባሕር ጅረት ሌላ የለም። የጥንቶቹ የሕንድና የአረብ ነጋዴዎች በአንዱ ነፋስ ሄደው በሌላው የሚመለሱት ይህን አውቀው ነው።

ይህ የነፋሱና የጅረቱ መገለባበጥ ባሕሩን ከታወቁት እኅቶቹ ይለየዋል። ነፋስ የታችኛውን ውሃ የሚያወጣባቸው አራት ትልልቅ ዳርቻዎች አሉ፤ የፔሩ፣ የካሊፎርኒያ፣ የሞሮኮና የናሚቢያ። በእነዚያ ነፋሱ ሲበረታም ሲላላም አቅጣጫውን እንደያዘ ይቆያል። ሞሮኮ የታሸገ ሳርዲን ለውጭ ገበያ በመሸጥ ከዓለም አንደኛ የሆነችው በዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ዳርቻዎች ተደምረው ከዓለም ባሕር አንድ በመቶ ያህል ቢሸፍኑ ነው፤ ከባሕር ከሚወጣው ዓሣ ግን አንድ አምስተኛ የሚሆነው ከእነሱ ይገኛል ተብሎ ይገመታል።

ነፋሱ ከዓሣ ሌላ የሚሠራውን ለማየት ወደ ኦማን እንሻገር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ሰላላ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ሐምሌ ላይ ዱባይና ሙስካት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲነዱ፣ የደቡብ ኦማኗ ሰላላ በጭጋግና በካፊያ ተሸፍና ሃያዎቹ ውስጥ ናት። ተራሮቿ ለምልመዋል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ ቤተሰብ በመኪና ተጭኖ ሣር ለማየት ይመጣል። አረቦቹ ወቅቱን ኸሪፍ ይሉታል። ይህን የሚሠራውም ያው ከሥር የወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እርጥበት የተሸከመው የሞንሱን አየር በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ይበርድና ጭጋግ ይሆናል፤ ከላይ ሞቃት አየር ስለተኛበት መውጣት አይችልም፤ በሰላላ አካባቢ ያሉት የዶፋር ተራሮች ያግዱትና እዚያው ይንጠባጠባል። የሶማሊያ ዳርቻ ግን ያው ቀዝቃዛ ባሕር ከፊቱ ተዘርግቶለት ደረቅ ነው። ነፋሱ ጎኑን ታክኮ ያልፋል እንጂ ወደ እሱ አይዞርም።

በዶፋር ኸሪፉ ሲያበቃ ሳርዲኑ ወደ ዳርቻ ይጠጋል። በትልቅ መረብ ከዳርቻ ተጎትቶ ይወጣና አሸዋው ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የደረቀውን የሚበሉት በአብዛኛው ሰዎች አይደሉም፤ ግመልና ላም ናቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን አካባቢውን የጎበኘው ኢብን ባቱታ የዚያ አገር ከብቶች ሳርዲን እንደሚበሉ ሲያይ ተገርሞ ጽፏል። ድርቆሽ በማይገኝበት በጋ የከብት መኖ ከባሕር ይወጣል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አባሎን ነው። አባሎን አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ አንድ ሰፊ ቅርፊት ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ በሩቅ ምሥራቅ ገበያ እጅግ ውድ ነው። የሚወደው ቀዝቃዛ ባሕርንና በቀዝቃዛ ባሕር የሚበቅለውን ትልልቅ የባሕር አረም ነው። በኦማን የሚገኘው ዝርያ በሚርባትና በአካባቢዋ ባለው አጭር ዳርቻ ብቻ ተወስኖ ይኖራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አለቶቹ በአረም ጫካ ይሸፈናሉ፤ ነፋሱ ሄዶ ውሃው ሲሞቅ ጫካው ተነቅሎ ይጠፋል። ጠላቂዎች አባሎን እንዲሰበስቡ የሚፈቀድላቸው ከዚያ በኋላ፣ በበጋው መግቢያ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ነፋስ በበዛ ቁጥር ዓሣ ይበዛል የሚል ይመስላል። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩሪና ሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች የፔሩን፣ የካሊፎርኒያን፣ የሞሮኮንና የሴኔጋልን ሳርዲንና አንቾቪ መርምረው ለእጭ የሚመቸው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ያህል መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ሲያንስ ምግብ አይወጣም። ሲበልጥ ደግሞ ውሃው ይናወጥና የምግቡ ደመና ይበተናል፤ መዋኘት ያልቻለው እጭም ከዳርቻው ተጠርጎ ወደ ጥልቁ ይወሰዳል። የሶማሊያው ሐምሌ 15 ሜትር መሆኑን ያስታውሱ። በዚያ ላይ ጅረቱ ከዳርቻው ተነጥሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አዙሪት ይሠራል፤ አረንጓዴውን ውሃ ጠልፎ መሃል ባሕር ያደርሰዋል። የሶማሊያ ባሕር ምግቡ እንዲህ ተትረፍርፎ የፔሩን የሚያህል የአንቾቪ መንጋ ያላፈራበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል ይታመናል።

ሌላም እዳ አለ። ከሥር የሚወጣው ውሃ ማዳበሪያ ይዞ ቢመጣም ኦክስጅን ግን ያንሰዋል። የሰጠመውን ሁሉ ያፈራረሰው ባክቴሪያ አብዛኛውን ኦክስጅን ተጠቅሞበታል። በዐረቢያ ባሕር ከ200 ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ድረስ ኦክስጅን ያጣ ውሃ ተዘርግቷል፤ በዓለም ካሉት ሁሉ ወፍራም ከሚባሉት ንብርብሮች አንዱ ነው። ይህ ውሃ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ ዓሦቹ ጠባብ በሆነው የላይኛው ክፍል ይጨናነቃሉ፤ ለአጥማጁ ሊመቸው ይችላል። ውሃው ድንገት ከመጣ ግን መሸሻ ያጣሉ። በኦማን ዳርቻ በሞንሱኑ ማብቂያ ግድም የሞተ ዓሣ በብዛት አሸዋው ላይ ተዘርሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሰዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት መርዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትንፋሽ ማጣት ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ባሕሩ የሚዘጋው ለትንሹ ጀልባ ነው። ሲሸልስን መናኸሪያ ያደረጉት ትልልቅ የቱና መርከቦች ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወደ ሶማሊያ ተፋሰስ ይወጣሉ፤ ነፋሱ ወደ ጥልቁ የጠረገውን አረንጓዴ ውሃ ተከትሎ ቱናው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። መርከቦቹ ለሦስት ሜትር ማዕበል ብለው ወደብ አይገቡም። የኤይል አጥማጅ የባዕድ መርከብ ዓሣችንን ጨረሰው ሲል የሚናገረው ስለ ሕግ ብቻ አይደለም፤ እሱ አሸዋ ላይ ተቀምጦ በሚጠብቅበት ሰሞን ሌላው መሥራት ስለሚችል ጭምር ነው። ተፈጥሮ ያወጣችው የዕረፍት ጊዜ ድሃውን ብቻ የሚያስር ከሆነ ለዓሣውም ዕረፍት መሆኑ አጠያያቂ ነው። በሕንድ የኬረላ ግዛት ይህ ገብቷቸው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ትልልቆቹ የጎታች መረብ ጀልባዎች በሞንሱኑ ወራት እንዳይወጡ በሕግ ይከለከላሉ፤ ባህላዊዎቹ ትንንሽ ጀልባዎች ግን ይፈቀድላቸዋል።

ለእኛ ጆሮ ቅርብ ወደሆነው ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ እንምጣ። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፣ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ፀሐይ ትመጥጠዋለች። ከየት ይበላል? በበጋው ወራት በደቡቡ ክፍል ነፋሱ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ከሰሜን ከሚመጣው ጋር መሃል ላይ ሲጋጠሙ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ደጋው ደርቆ ሳለ ምጽዋና ከበላይዋ ያለው ቁልቁለት በታኅሣሥና በጥር ዝናብ የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክረምት ሲገባ የሰሜኑ ነፋስ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል። የላይኛውን ሞቃት ውሃ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገፋዋል፤ በሱ ምትክ ደግሞ ከሥሩ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ 17 ዲግሪ የሚጠጋ ቀዝቃዛ፣ ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ሾልኮ ይገባል። ላዩ ከ30 ዲግሪ በላይ የጋለ ሆኖ፣ ከሥሩ ይህ ይፈሳል። የደቡቡ ቀይ ባሕር ከሰሜኑ ይልቅ ዓሣ የሚበዛበት፣ የዳህላክ ደሴቶች ባሕርም ባዶ ያልሆነበት ምሥጢር አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከኤርትራ ዳርቻ 25,000 ቶን ያህል ዓሣ ይወጣ የነበረ ሲሆን፣ አብዛኛው በዳርቻ መረብ የተያዘ ሳርዲንና አንቾቪ ነበር፤ ተፈጭቶም ለእንስሳት መኖ ይሸጥ ነበር።

ነፋሱ ወቅቱን ያከብራል እንጂ ዓመቱ ሁሉ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ከልማዱ ውጭ ሞቀ፤ ሞቃቱ ንብርብር ወፈረና ምግብ የያዘው ውሃ ወደ ታች ራቀ። ቱናው ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ መርከቦቹም ተከተሉት። ያ የሞቀ ባሕር በምድር ላይ የሠራውን ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ ዋቢ ሸበሌና ጁባ ከወሰናቸው ወጥተው የሶማሌ ክልልንና ደቡብ ሶማሊያን ያጥለቀለቁት በዚያው ሰሞን ነው። ጎርፉን ያመጣውና ዓሣውን ያሸሸው አንድ ነገር ነው።

የረጅሙ ጊዜም ያሳስባል። የሕንድ ውቅያኖስ እየሞቀ ነው፤ የላይኛው ውሃ በሞቀ መጠን ከታችኛው ጋር መደባለቅ ያስቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ ጥቃቅኑ ዕፀዋት ባለፉት ስድስት አሥርት ዓመታት እስከ 20 በመቶ ሳይቀንሱ እንዳልቀሩ ገምቷል።

ባሕሩ ይከፈታል ስንልም ሰላም ይሆናል ማለታችን አይደለም። በዐረቢያ ባሕር አውሎ ነፋስ የሚነሣው በአብዛኛው ሞንሱኑ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ ከታች የሚነፍሰውና ከላይ የሚነፍሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጓዙ፣ ለመቆም የሚሞክረውን አውሎ ነፋስ ገና ሳይጠነክር ይበጣጥሱታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያ ሁሉ የለም፤ ባሕሩም እንደገና ሞቋል። ጋቲ የተባለው፣ በሶማሊያ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታው አውሎ ነፋስ፣ ራስ ሐፉን አካባቢ ምድር የነካው እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2020 ነበር፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ውሃ ላይ በሚሆኑበት፣ ገበያውም በሚደምቅበት ወር።